ከማይጨው የተጠለፈው መልእክት

መጋቢት 22 በመጣ ቁጥር ስለ ማይጨው የሚጻፈው ስለ መርዝ ጋዙ፣ ስለ ቦምብ ጣዮቹ አውሮፕላኖችና ስለ ክቡር ዘበኛው ጀግንነት ነው። ራስ ሙሉጌታ አምባ አራዶም ላይ፣ ራስ ካሣና ራስ ሥዩም ተምቤን ላይ፣ ራስ እምሩ ሽሬ ላይ ከተሸነፉ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዘመቻውን መምራታቸውም ተደጋግሞ ተነግሯል። እኔ ግን አንባቢን ማቆየት የምፈልገው በአንዲት የሬዲዮ መልእክት ላይ ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከውጊያው ቀናት ቀደም ብለው ከጦር ግንባር ለእቴጌ መነን በሬዲዮ መልእክት ላኩ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነበር፤ በፈጣሪ ታምነን የጠላትን ምሽግ ልናጠቃ ቆርጠናል፤ ነገሩን ለጳጳሱ፣ ለሚኒስትሮቹና ለመኳንንቱ በምስጢር ንገሪ፤ ጸሎት ይደረግ። የጣሊያን ጦር አዛዥ የነበረው ማርሻል ባዶሊዮ በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ይህን መልእክት የጠለፋ ክፍሉ እንደያዘለት ጽፏል።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ባዶሊዮ ድሉን ከመርዙና ከቦምቡ አርቆ ለብልሃቱ ለመስጠት ያጋነነው ነው የሚሉ አሉ። ጥቃቱ መዘግየቱን፣ ለአካባቢው ባላባቶች የተደረገውን ግብርና ስጦታ እንደ ዋናው ጥፋት የሚቆጥሩም አሉ። ለእኔ የባዶሊዮ ቃል በዚህች ነገር እውነት ይመስለኛል። ስለ ራሱ ብልሃት የፈጠረ ጄኔራል የሠራዊት ቁጥርና የመድፍ ብዛት ይጽፍ ነበር እንጂ ለጳጳሱ በምስጢር ንገሪና ጸሎት አስደርጊ የሚል ነገር አያስብም። ይህ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለሚስቱ የሚልከው ቃል ነው። መዘግየቱም ቢሆን ከጠለፋው ጋር ነው ክፉ የሆነው፤ ጥቃት እንደሚመጣ አስቀድሞ ያወቀ ጠላት ምሽጉን የሚያጠናክርበት ቀናት አገኘ። ጦሩ መጋቢት 22 ቀን 1928 ሳይነጋ ሲነሳ ጣሊያኖቹ ተዘጋጅተው ይጠብቁት ነበር።

ሬዲዮው ወዳጅና ጠላት አይለይም። በአጭር ሞገድ የተላከ ቃል በሰማይ ላይ ተንጸባርቆ ሩቅ ይደርሳል፤ መቀበያ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ምስጢሩን የሚጠብቀው ኮዱ ብቻ ነው። የአቃቂን ሬዲዮ ጣቢያ የተከለው አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ እንደነበረ ሲታሰብ ደግሞ፣ የኛን ሞገድ የሚያውቅ ጆሮ ከማን ወገን እንደነበረ ለመገመት አያስቸግርም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዕዳው ተመለሰ። በነሐሴ 1932 የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ቡድን፣ ሚሽን 101፣ ሬዲዮ ይዞ ጎጃም ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበር ሲሻገሩ፣ እንግሊዞች የጣሊያኑን እንደራሴ የዱካ ዳኦስታን የጦር መልእክቶች ኮዳቸውን ሰብረው ያነቡ ነበር። ጎጃም ላይ የዘመተውን የጌዴዎን ጦር የመራው ዊንጌት ስሙ አዲስ አበባ ውስጥ ከሸጎሌ ብዙም በማይርቀው ትምህርት ቤት ላይ አለ፤ በዚያ መንገድ ሲታለፍ ጦርነቱ በጠመንጃ ብቻ እንዳልተደረገ አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን በጀርባ የሚታዘለውን ዎኪ ቶኪ ለእግረኛው አወጡ። ጂአርሲ 9 የሚባለው ደግሞ ለመላክ በእጅ የሚዞር ጄኔሬተር ይፈልግ ነበር፤ አንዱ ወታደር ተቀምጦ እጀታውን ሲያዞር ሌላው ሞርሱን ይመታል፤ የሚያዞረው እጁ ከዛለ ቃሉም ይደክማል። በደርግ ጊዜ ከሶቪየት ቲ 55 ታንኮች ጋር አር 123 መጣ። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና የተነሳው የወታደሮች አመፅም ከክፍል ወደ ክፍል የተዛመተው በጦሩ በራሱ ሬዲዮ ነበር።

እነዚህ የጦር ሬዲዮዎች ዛሬ እንደ ብረታ ብረት ከታዩ የመዳብ ሽቦና የአሉሚኒየም ክብደት ናቸው። «ቆራሌው» የሚል ድምፅ በሰፈሩ ሲያልፍ አሮጌ ዕቃ ሁሉ በኪሎ ይሄዳል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ የደረሰ ሬዲዮም ተፈትቶ ሌላ ነገር ይሆናል። ቢቻል ግን ሳይፈታ ይቆይ። አሮጌ ሬዲዮ በቀጥታ መብራት ላይ አይሰካም፤ የደረቁት ኮንደንሰሮቹ በመጀመሪያ ይፈተሻሉ፣ ቮልቴጁም ቀስ እየተባለ ከፍ ይደረጋል፤ የባለሙያ እጅ ከሌለ መዝጊያውን መክፈትም አያስፈልግም።

ለዚህ የሚሆን ቦታ አዲስ አበባ ውስጥ አለ። አምስት ኪሎ ባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ግቢ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር «ኢቲ 3 ኤኤ» በሚል ጥሪ ምልክት ይሠራል፤ ተማሪዎች ፈቃድ ባለው ሞገድ ከዓለም ጋር ይነጋገራሉ። የጦሩ መገናኛ ክፍልና የማኅበሩ ሰዎች ተገናኝተው ከድሮዎቹ ሬዲዮዎች አንዱን እዚያ ቢያስቀምጡ፣ ተማሪው እጀታውን ራሱ አዙሮ የድሮውን ዘመን ኦፕሬተር ሥራ በክንዱ ይሞክረው ነበር። ደብዳቤውን የሚጽፍ አንድ ኃላፊ ብቻ ይፈልጋል።