ሰማይን መክሰስ

በዩኒቨርሲቲ የጤናና የአካባቢ ጋዜጠኝነት ስማር የ1965ቱን የወሎ ረሀብ ያነሳልን አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ግን ያን ዓመት ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው ለእይታ አቅርበው ነበር። ዓለም የሰማው ዘግይቶ፣ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ባሳየው ፊልም ነው። ይኸው ፊልም፣ የቤተ መንግሥት ግብዣ ተቀላቅሎበት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ድርቁ እውነት ነበር። ሆኖም አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የአገሪቱ አጠቃላይ የእህል ምርት እምብዛም አልቀነሰም፤ በደሴ ገበያም ዋጋው ብዙ አልናረም። የጠፋው የወሎ ገበሬ የመግዛት አቅም ነበር። ሰማይን መክሰስ ግን ሹምን ከመክሰስ ይቀላል። እኔም፣ እያፈርኩ ልንገራችሁ፣ ስለ ድርቅ የጻፍኩትን የመጀመሪያ ዘገባ የጀመርኩት በዝናቡ ሚሊ ሜትር ነው፤ የገበያውን ዋጋ አልጠየቅሁም።