ሹራብ ጨርቅ ወደ ቤት የስፌት መኪና የገባበት መንገድ

በአሜሪካ ቤቶች ልብስ መስፋት የተስፋፋው በሁለት ነገሮች ነው፤ በስፌት መኪናና ጨርቁ በምን ቅርጽ እንደሚቆረጥ በሚያሳይ የወረቀት ፓተርን። ኢሊያስ ሃው በ1846፣ አይዛክ ሲንገር ደግሞ በ1851 ለስፌት መኪና የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኙ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሲንገር ኩባንያ ዋጋውን ከፋፍሎ በየጊዜው በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ሲጀምር መኪናው መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው ቤቶች ዘለቀ። ይሁን እንጂ መኪና የተቆረጠውን ይገጣጥማል እንጂ አይቆርጥም። የልብስ ሰፊ እውነተኛ ሙያ ደግሞ ያለው መቁረጡ ላይ ነው፤ መቀስ አንዴ ከሳተ ጨርቁ አይመለስም።

ይህን ችግር በስፋት የፈታው በማሳቹሴትስ ግዛት በስተርሊንግ ከተማ ይኖር የነበረው ልብስ ሰፊ ኤቤኔዘር ባተሪክ ነው። ከሚስቱ ከኤለን ጋር ሆኖ በ1863 በተለያየ ቁጥር የተዘጋጁ የወረቀት ፓተርኖችን መሸጥ ጀመረ። ከእሱ በፊትም በኒውዮርክ ማዳም ዴሞረስት በሚል ስም ፓተርን ይሸጥ ነበር፤ ያ ግን በአንድ ልክ ብቻ ስለነበር ገዢዋ በገዛ ሰውነቷ መጠን እያሰፋችና እያጠበበች መሥራት ነበረባት። የባተሪክ የመጀመሪያ ሥራዎች የወንዶችና የልጆች ልብሶች ነበሩ። የሴት ቀሚስ የመጣው ገበያው ከተያዘ በኋላ ነው። የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ማኮል በ1870 የራሱን ድርጅት ከፈተ። ቮግ መጽሔት በ1899 ፓተርን ማቅረብ ጀመረ። በ1927 የተመሠረተው ሲምፕሊሲቲ ደግሞ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ድሃዋንም ገዢ ሳበ።

የመጀመሪያው ዘመን ፓተርን ዛሬ ለሚያየው ግራ ያጋባል። በስሱ ወረቀት ላይ አንድም ቃል አልተጻፈም፤ ያሉት በመሣሪያ የተበሱ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። የቀዳዳዎቹ መጠንና አቀማመጥ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ፣ የቱ ጋ እንደሚጠብ፣ ወረቀቱ ጨርቁ ላይ በየት አቅጣጫ እንደሚነጠፍ ያመለክታሉ። መስመርና ጽሑፍ የታተመበት ፓተርን በማኮል በኩል የወጣው በ1920 ገደማ ነው፤ ተፎካካሪዎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት።

እነዚህ ፓተርኖች በአብዛኛው የተሠሩት በድርና በማግ ለተሸመነ ጨርቅ ነበር። ሽምን ጨርቅ እምብዛም አይለጠጥም፤ ስለዚህ ልብሱ ከሰውነት ሰፋ ብሎ ይቆረጥና በታጠፈ ስፌት፣ በቁልፍና በዚፕ ቅርጽ ይይዛል። ሹራብ ጨርቅ ሌላ ነገር ነው። ክሩ ቀለበት እየሠራ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ሲስቡት ቀለበቱ ይከፈታል፣ ሲለቁት ይመለሳል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሊ ካልሲ የሚሠራ የሹራብ መኪና የፈጠረው በ1589 ነው። ይሁን እንጂ በመኪና መሠራት ከጀመረ ሦስት መቶ ዓመታት እስኪያልፉ ድረስ ከሹራብ ጨርቅ አብዛኛው ከካልሲና ከውስጥ ልብስ አልወጣም ነበር። በ1910ዎቹ ፈረንሳዊቷ ልብስ ነዳፊ ኮኮ ሻኔል ለወንዶች የውስጥ ልብስ ይውል የነበረውን ጀርሲ የተባለ ሹራብ ጨርቅ ለሴቶች የላይ ልብስ ስታደርገው እንደ ድፍረት ታየ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1913 ገደማ ለመርከበኞቹ ያደላው የጥጥ ካናቴራም የተሰፋው ከዩኒፎርም ሥር እንዲለበስ ነበር።

ፋብሪካው ሹራብ ጨርቅን በተለያዩ ልዩ መኪኖች ሲሰፋ ቤት ያለችው ሴት ግን አንድ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚሠራ መኪና ነበራት። በዚህ ስፌት የላይኛውና የታችኛው ክር ጨርቁ መሃል ላይ ይቆላለፋሉ። ጨርቁ ሲለጠጥ ስፌቱ አብሮ ስለማይለጠጥ ልብሱ በራስ በኩል ሲገባ ክሩ ጧ ብሎ ይበጠሳል። ሹል መርፌ ቀለበቱን ይበሳዋል፤ ከዚያች ቀዳዳም ጨርቁ ወደ ታች እየተተረተረ ይሄዳል። የተቆረጠው ጠርዝ ይጠቀለላል፤ በመኪናው እግር ሥር ሲያልፍም ተለጥጦ ይጨማደዳል። የስፌት መጻሕፍት ሹራብ ጨርቅን አስቸጋሪ ሲሉት በከንቱ አልነበረም።

ሁኔታው የተለወጠው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የጣሊያኑ ኔኪ፣ የስዊዘርላንዶቹ በርኒናና ኤልና ዚግዛግ የሚሰፉ የቤት መኪኖችን ለገበያ አበዙ። ዚግዛግ ክሩን ግራና ቀኝ ስለሚያወላግደው ስፌቱ ከጨርቁ ጋር ይለጠጣል። ጠንካራና ጥቂት የሚሳብ የፖሊስተር ክር መጣ። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌም ቀለበቱን ሳይበሳ ገፋ አድርጎ በመሃሉ ያልፋል። በ1958 ጆሴፍ ሺቨርስ በዱፖንት ኩባንያ ስፓንዴክስ የተባለውን የሚለጠጥ ክር ፈጠረ። በ1960ዎቹ ደግሞ የማይጨማደድ የፖሊስተር ሹራብ ጨርቅ የአሜሪካን መደብሮች አጥለቀለቀ።

ጨርቁ ቢሞላም እንዴት እንደሚሰፋ የሚያሳይ አልነበረም። ክፍተቱን የሞሉት አንጋፋዎቹ የፓተርን ድርጅቶች አለመሆናቸው ልብ የሚባል ነው። በኦሪጎን ግዛት በምትገኘው ትንሿ በርንስ ከተማ አን ፐርሰን የሹራብ ጨርቅ ስፌት ለጎረቤቶቿ ታስተምር ነበር። ትምህርቱ ሲስፋፋ ወደ ዩጂን ከተማ ተዛውራ «ስትሬች ኤንድ ሶው» የተባለውን ድርጅት አቋቋመች፤ በ1970ዎቹ ስሙን የያዙ ሱቆች በመላ አገሪቱ ተከፈቱ። ሱቁ ጨርቅ፣ ፓተርንና ትምህርት በአንድ ጣሪያ ሥር ይሸጥ ነበር። በሚኒያፖሊስ ደግሞ ስዊድናዊቷ ከርስቲን ማርተንሰን በ1967 «ክዊክ ሶው»ን መሠረተች። ሁለቱም ፓተርናቸውን ያተሙት በቀላሉ በሚቀደደው ስስ ወረቀት ላይ ሳይሆን በጠንካራ ወረቀት ላይ ነበር፤ ብዙ ቁጥሮችም በአንድ ገጽ ተደርበው ይሰፍራሉ። ሰፊዋ የሚያስፈልጋትን መስመር በሌላ ወረቀት ላይ ገልብጣ ዋናውን ለሌላ ጊዜ ታስቀምጣለች። የቤተሰቡ ሁሉ ካናቴራ ከአንድ የፓተርን ፖስታ ይወጣል።

ትልቁ ለውጥ ግን በቁጥር የሚለካ ትንሽ ነገር ነበር። አንጋፋዎቹ ድርጅቶች ለስፌት ትርፍ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይተዋሉ፤ ክዊክ ሶው 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ተወ። ሹራብ ጨርቅ እንደ ሽምን ስለማይበተን ሰፊ ትርፍ አያስፈልገውም፤ ጠባቡ ትርፍ ደግሞ በተለይ አንገትና ብብት ላይ ስፌቱን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ያመቻል። በፖስታው ጀርባ ላይ የታተመው የመለጠጥ መለኪያም የዚያ ዘመን ልማድ ነው። ጨርቁ በወርዱ ታጥፎ 10 ሳንቲ ሜትሩ ይያዝና ይሳባል፤ ሳይጨነቅ 12.5 ከደረሰ መለጠጡ 25 ከመቶ ነው። ፓተርኑ በሚጠይቀው ልክ የማይለጠጥ ጨርቅ ለዚያ ፓተርን አይሆንም፤ ምክንያቱም የሰውነት ልክ ቲሸርት ብዙ ጊዜ ከለባሹ ደረት ጠበብ ተደርጎ ይቆረጣል።

ሞያው የሚፈተነው አንገት ላይ ነው። የአንገቱ ዙሪያ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያውን የሚሰፋበት ማሰሪያ 48 ወይም 50 ሆኖ ይቆረጣል። ሁለቱ ጫፎቹ ተሰፍተው ቀለበት ይሆንና በቁመቱ ለሁለት ይታጠፋል። ከዚያ ማሰሪያውም የልብሱ አንገትም በስፒል እኩል አራት ቦታ ይከፈላሉ፤ ስፒል ከስፒል ይገናኛል። መኪናው ሲሄድ ማሰሪያው ብቻ ይሳባል፤ የልብሱ አንገት ከተሳበ ይሰፋና ይንዘረጋጋል። ማሰሪያው ከረዘመ ይቆማል፣ ካጠረ ልብሱን ያኮማትራል። ስንት ካናቴራ እዚህ ላይ እንደተበላሸ የሚያውቀው የሰፋው ብቻ ነው። የትከሻው ስፌትም እንዳይወርድ ቀጭን የማይለጠጥ ጥብጣብ አብሮ ይሰፋበታል፤ የጥጥ ሹራብ ደግሞ ከመቆረጡ በፊት ይታጠባል፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው እጥበት ልኩን ይለውጠዋል።

ብዙ ቁጥር በአንድ ገጽ መታተሙ ፓተርኑን እንደ ፍላጎት ለመለወጥ በር ከፈተ። ደረቷ የትንሹን፣ ዳሌዋ የትልቁን ቁጥር የሚፈልግ ሴት ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በቀስታ አሻግራ ትገለብጣለች። ክቡ አንገት ወደ ሾጣጣ ይለወጣል፤ እጅጌው በወረቀቱ ላይ ተቆርጦ ይራዘማል፤ የፊቱ መሃል ለሁለት ይከፈልና ካርዲጋን ይወጣል። ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ የሚደረግ በመሆኑ ስህተቱ ጨርቅ አያስከፍልም።

በ1960ዎቹ በጃፓን የተሠራው የቤት ኦቨርሎክ መኪና በኋላ ወደ አሜሪካ ገብቶ አንዴ እያለፈ መስፋትን፣ ጠርዝ መዝጋትንና ትርፉን መቁረጥን አጠቃለለ፤ የፋብሪካና የቤት ሥራን የሚለየው ልዩነት በዚህ ጠበበ። ይሁን እንጂ ሙያው በቀለለበት ወቅት ምክንያቱ መሟሸሽ ጀመረ። የሴቶች የቢሮ ሥራ መብዛት ጊዜ ወሰደ፤ የፖሊስተር ሹራብ ፋሽኑ አለፈ፤ ከእስያ የሚመጣው ቲሸርት ከጨርቁ ዋጋ በታች መሸጥ ያዘ። በጥር 2005 የዓለም የጨርቃ ጨርቅ ንግድን ይገድብ የነበረው ኮታ ሲነሳ ርካሹ ልብስ ይበልጥ በዛ። ገንዘብ ለመቆጠብ መስፋት በአብዛኛው አበቃ።

የቀረው ለልክና ለምርጫ የሚሰፋው ነው። ከ2000ዎቹ ወዲህ ፓተርን በኢንተርኔት ተገዝቶ በቤት ፕሪንተር ይታተማል፤ ገጾቹ በፕላስተር ተያይዘው ይቆረጣሉ። አብዛኞቹ ሻጮች ትናንሽ ድርጅቶች ናቸው፤ ለሹራብ ጨርቅ የሚያወጡትም ፓተርን ብዙ ነው። ክዊክ ሶውን በ2011 ማኮል ገዛው፤ ማኮልና ሲምፕሊሲቲ ራሳቸው በ2016ና በ2017 ለአንድ ኩባንያ ተሸጡ። ከስተርሊንግ የተነሳው ባተሪክም በማኮል በኩል እዚያው ገባ።