በሦስት ቂጣ የተናቀችው ሀገር፦ ኢብን ባጡጣ በማሊ

መንገደኛ ወደማያውቀው ሀገር ሲነሣ ስንቁን ብቻ አይዝም፤ ግምቱንም ይዞ ይሄዳል። ስንቁ በመንገድ ያልቃል፤ ግምቱ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይመለሳል። ሀገሩ ከገመተው በልጦ ሲያገኘው ያንኑ ሳይሸሽግ የሚመሰክር መንገደኛ ጥቂት ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ታላቁ ሙስሊም ተጓዥ ኢብን ባጡጣ ነው።

ኢብን ባጡጣ እ.ኤ.አ. በ1304 በሞሮኮ፣ በታንጀር ከተማ ተወለደ። በ1325 ለሀጅ ከቤቱ እንደወጣ ዓረቢያን፣ ፋርስንና ሕንድን ሲያካልል ከሃያ ዓመታት በላይ ቆየ። በዴልሂ ቃዲ ሆኖ ሠርቷል፤ ከየሱልጣኑ ካባና ወርቅ መቀበልንም ለምዷል። በ1352 መጀመሪያ ላይ ከሲጂልማሳ ከነጋዴዎች ጋር ተነሥቶ ሰሐራን በማቋረጥ ወደ ማሊ ሲያመራ፣ የሚሄድበት ሀገር ዝና ቀድሞ ተሰምቶ ነበር። የማሊው ንጉሥ መንሳ ሙሳ በ1324 ለሀጅ ሲጓዝ በካይሮ ያፈሰሰው ወርቅ ገና ከሰው አፍ አልጠፋም። አሁን የነገሠው ደግሞ የሙሳ ወንድም መንሳ ሱለይማን ነበር።

ነገር ግን የመጀመሪያው አቀባበል እንደተጠበቀው አልሆነም። የማሊ ግዛት መግቢያ በሆነችው በዋላታ የንጉሡ እንደራሴ ነጋዴዎቹ አጠገቡ ቆመው ሳለ በአስተርጓሚ ብቻ አነጋገራቸው። ኢብን ባጡጣ ይህን እንደ ንቀት ቆጥሮ በመምጣቱ ተጸጸተ። ከዚያ የከተማይቱ የንግድ ተቆጣጣሪ ሹም እንግዶቹን ጋበዘ። በግማሽ ቅል የቀረበው የተፈጨ ማሽላ ጥቂት ማርና እርጎ የተደባለቀበት ነበር። እንግዳችን ለዚህ ነው ወይ የተጠራነው በማለት ጠየቀ። ጓደኞቹ በዚያ ሀገር ይህ ትልቅ መስተንግዶ መሆኑን ነገሩት። እርሱ ግን ከእነዚህ ሰዎች በጎ ነገር አይጠበቅም ብሎ ሊመለስ ቃጣ። ኋላ ግን የንጉሡን ከተማ ሳላይ አልመለስም አለ።

በጁን 1352 መጨረሻ ዋና ከተማዋ ሲገባ ሌላ ችግር ጠበቀው። የበሉት ገንፎ መሰል ምግብ እርሱንና ጓደኞቹን አሳመማቸው፤ ከስድስቱ አንዱ ሞተ፤ እርሱም ሁለት ወር ታመመ። ካገገመ በኋላ የንጉሡ ስጦታ መጣልህ ሲባል ካባና ገንዘብ መስሎት ተነሣ። የመጣው ሦስት ቂጣ፣ አንድ ቁራጭ የተጠበሰ የበሬ ሥጋና በቅል የተሞላ እርጎ ነበር። ኢብን ባጡጣ ሳቀ። ለዚህ ትንሽ ነገር ያን ሁሉ ክብር መስጠታቸው አስገረመው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ፊት ቀርቦ ቅሬታውን ባሰማ ጊዜ መኖሪያ ቤትና ቀለብ ተሰጠው፤ ሲሄድም መቶ ምስቃል ወርቅ ተቀበለ። ይሁን እንጂ ሱለይማንን ቆንቋና ከማለት አልተመለሰም።

እንግዲህ ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ማሊ በሦስት ቂጣ ተለክታ በቀረች ነበር። ግን ኢብን ባጡጣ ስምንት ወር ቆየ። መቆየቱም ዓይኑን ከሳህኑ ወደ ሕዝቡ አነሣለት።

አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ አቡ ሐፍስ የተባለ ነጋዴ በመስጂዱ ውስጥ ተነሥቶ፣ የተሰበሰበውን ሕዝብ ምስክር አድርጎ ንጉሡን ራሱን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕግ ጠራ። ማን በደለህ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የዋላታው ተቆጣጣሪ ስድስት መቶ ምስቃል የሚያወጣ ዕቃ ወስዶ መቶ ብቻ ሊከፍለኝ ነው አለ። ይህም ሹመት ያን የማሽላና የእርጎ ግብዣ ያደረገው ሰው የያዘው ሹመት ነበር። ንጉሡ ወዲያው ወደ ዋላታ ልኮ ሹሙን አስመጣ፤ ጉዳዩንም ወደ ቃዲ መራው። ቃዲውም ለነጋዴው ፈረደ፤ ሹሙም ከሥልጣኑ ተሻረ።

ኢብን ባጡጣ በኋላ ጉዞውን ሲያስጽፍ ከማሊ ሰዎች የወደደውን ዘርዝሯል። ግፍ በመካከላቸው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሱልጣኑም ለግፈኛ ምሕረት የለውም። መንገደኛም ሆነ ነዋሪ ወንበዴ አይፈራም። ከሰሜን የመጣ እንግዳ እዚያ ቢሞት፣ ሀብቱ የቱንም ያህል ቢበዛ ማንም አይነካበትም፤ ባለመብቱ እስኪመጣ ድረስ ከወገኖቹ በታመነ ሰው እጅ ይቀመጣል። በጁምዓ ቀን በጊዜ ያልሄደ ሰው በመስጂድ ውስጥ መስገጃ ቦታ አያገኝም። ከአንዲት አሮጌ ቀሚስ በቀር የሌለውም ያችኑ አጥቦ ለጁምዓ ይለብሳታል። ልጆቻቸውን ቁርኣን በቃል ለማስያዝ ያላቸውንም ትጋት አወድሷል። ያልወደደውንም አልደበቀም፤ በንጉሡ ፊት በራስ ላይ አፈር መበተንንና የሴቶቹን አለባበስ ነቅፏል። ምስጋናው የሚታመነውም ስለዚህ ነው።

ይኸው ሰው ከዚያ ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በእኛው ጎረቤት በዘይላ አልፎ ነበር። የዓሣውና የሚታረደው ግመል ሽታ ስላስመረረው ሌሊቱን በመርከብ ላይ አድሮ ሄደ። ስለ ዘይላም በዋናነት የተረፈው ያው የሽታዋ ወሬ ነው። ሆኖም በዚያው ዘመን በካይሮ፣ በስማቸው የዘይላን ስም የተሸከሙ ዓሊም ነበሩ። እኚህም የ«ነስቡ ራያህ» ደራሲ፣ በ762 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ ናቸው። በመርከብ ላይ ያደረ እንግዳ የከተማይቱን ሽታ እንጂ ሰዎቿን አላወቀም።

ውድ አንባቢያን፣ ማሊና ዘይላን የለየው የሀገሮቹ ደግነት ብቻ አይደለም፤ የእንግዳው ቆይታም ነው። ዛሬም ከቤተሰባችን አንዱ ከሩቅ ሀገር ሲመለስ ልጆቻችን ምን በላህ፣ ምን አመጣህልን ይሉታል። ይጠይቁ፣ የልጅ ወግ ነው። እኛ ግን አንድ ጥያቄ እንጨምርላቸው፦ በዚያ ሀገር እንግዳ ሰው ቢሞት ገንዘቡ ለማን ይደርሳል?