ልደተ ነገሥት በኤውሮፓና በአዲስ አበባ

በኦሪትና በወንጌል ልደቱን በግብዣ አከበረ ተብሎ የተጻፈው ገዥ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው በዮሴፍ ዘመን የነበረው ፈርዖን ሲሆን፥ በልደቱ ቀን ለሎሌዎቹ ግብር አብልቶ የጠጅ አሳላፊዎቹን አለቃ ወደ ሹመቱ መለሰው፤ የእንጀራ አበዛዎቹን አለቃ ግን ሰቀለው። ሁለተኛው ሄሮድስ ነው፤ በእርሱ ልደት የሆነውን፥ የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ በወጭት መቅረቡን፥ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ስለዚህም በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው ኦሪጎን (በሌላ ትምህርቱ ቢነቀፍም) ኦሪት ዘሌዋውያንን ሲተረጕም፥ ልደታቸውን በደስታ ያከበሩት ኃጥአን ብቻ እንደ ሆኑ፥ ከጻድቃን ወገን ግን ይህን ያደረገ እንደማይገኝ ጽፏል። ቤተ ክርስቲያንም የቅዱሳንን መታሰቢያ አብዛኛውን ጊዜ በዕረፍታቸው ቀን ታደርጋለች። ልደት ብላ ከፍ አድርጋ የያዘችው ጥቂት ነው፤ ይኸውም ታኅሣሥ 29 የጌታን፥ ግንቦት 1 የእመቤታችንን፥ ሰኔ 30 የመጥምቁን፥ በኢትዮጵያም ታኅሣሥ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ነው።

በኢትዮጵያውያን ቤትም ቀድሞ የሚከበረው ወንድ በተወለደ በ40፥ ሴት በተወለደች በ80 ቀን የሚደረገው ክርስትና ነበር እንጂ፥ የተወለዱበት ቀን በየዓመቱ አይታሰብም ነበር። ባላገሩ ዕድሜውን ሲጠይቁት የሚቈጥረው በታወቀ ነገር ነው፤ በክፉ ቀን ጊዜ እረኛ ነበርሁ፥ ዐድዋ ሲዘመት ጐልምሼ ነበር ይል ነበር። ቤተ መንግሥቱም ሰፊውን ግብር የሚያገባው በታላላቁ የቤተ ክርስቲያን በዓል ነበር።

የኤውሮፓ ነገሥታት ግን ልደታቸውን የመንግሥት ሥራ አድርገውታል። (የኤውሮፓው ነገር ከዚህ በታች በኤውሮፓ አቈጣጠር፥ የኢትዮጵያው በዓመተ ምሕረት ተጽፏል።) በእንግሊዝ አገር በ1748 የንጉሥ ጊዮርጊስ 2ኛ ልደት በበጋ ከሚደረገው የወታደር ሰልፍ ጋራ ተያያዘ፤ ንጉሡ የተወለዱት በብርድ ወራት ስለ ነበረ ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛም ኖቬምበር 9 ቀን የተወለዱ ሲሆኑ፥ ሕዝቡ በአደባባይ የሚያይላቸው ልደት በበጋው ወራት እንዲሆን አደረጉ። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ንጉሥ ሁለት ልደት አለው፤ አንዱ እናቱ የወለደችበት፥ ሁለተኛው ፀሐይ የሚወጣበት። በልደቱም ቀን በሎንዶን በሃይድ ፓርክ 41፥ በግንቡ ደግሞ 62 ጊዜ መድፍ ይተኰሳል። የሆላንድ ሰዎች እንዲሁ አደረጉ። በዓላቸው የተጀመረው በኦገስት 31 ቀን 1885 ልዕልት ዊልሄልሚና 5 ዓመት ሲሞላቸው ነው፤ በ1949 ወደ ልጃቸው ወደ ንግሥት ዩልያና ልደት ወደ ኤፕሪል 30 ተዛወረ፤ ቀጥለው የነገሡት ንግሥት ቤያትሪክስ ግን በጃንዋሪ መጨረሻ የተወለዱ ስለ ሆኑ ብርዱን ፈርተው የእናታቸውን ቀን እንደ ያዙ ኖሩ። የቤልጂግ መንግሥት በዓል ከእነዚህ ይለያል። ከ1866 ጀምሮ የንጉሡ በዓል የሚከበረው በኖቬምበር 15፥ በስመ ክርስትናው ቅዱስ መታሰቢያ በቅዱስ ሊዮፖልድ ቀን ነው፤ በብሩክሴል ካቴድራልም የምስጋና ጸሎት ይደረጋል። ለኢትዮጵያውያን ልማድ የሚቀርበው ይህ ነው።

ከየዓመቱ ልደት ይልቅ የሚከብደው ሙሉ ቍጥር ያለው ዓመት ነው፤ ከነዚህም ውስጥ ሕግ የሚያውቀው 18ኛው ነው። ዊልሄልሚና በ1898 18 ዓመት በሞላቸው በሳምንቱ ቃለ መሐላ ፈጽመው መንግሥቱን ከሞግዚቷ ከእናታቸው እጅ ተረከቡ። የእስጳንያ አልጋ ወራሽ ፌሊፔ በጃንዋሪ 30 ቀን 1986፥ ልጃቸው ሌዎኖርም በኦክቶበር 31 ቀን 2023፥ ሁለቱም 18 ዓመት በሞላቸው ዕለት በምክር ቤት ፊት ለሕገ መንግሥቱ ማሉ። 80ኛውና 90ኛው ግን የሕግ ሳይሆን የፍቅርና የክብር ነው። የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ 90 ዓመት በሞላቸው በ2016 በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የምስጋና ጸሎት ተደረገ፤ በቤተ መንግሥታቸው ፊት ባለው ጐዳና ላይም ለ10,000 ሰው ምሳ ተዘረጋ። ከንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ ዘመን ከ1917 ጀምሮ 100 ዓመት ለሞላው ማንኛውም ዜጋ ንጉሡ የደስታ መልእክት ይልክለታል፤ የንግሥቲቱ እናት በ2000 መቶ ዓመት ሲሞላቸው መልእክቱ ከገዛ ልጃቸው መጣላቸው።

ይህ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ የገባው በምሥራቅ በኩል ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ መንግሥታት ወኪሎቻቸውን በላኩ ጊዜ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከከተማው በስተ ምሥራቅ፥ ከቀበና ወንዝ ማዶና ከየካ ተራራ ሥር፥ ሰፋፊ ቦታ ሰጧቸው። የእንግሊዝ፥ የመስኮብ፥ የፈረንሳይ፥ የኢጣልያ ለጋሲዮን በዚያ ወገን ተሠራ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚለው ስም እስከ ዛሬ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። የየአገሩ ንጉሥ ልደት በደረሰ ጊዜ በየግቢው ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ መኳንንቱና የሌሎች መንግሥታት ወኪሎች ይጠራሉ፤ የንጉሡ ጤና ተመኝቶ ጽዋ ይነሣል። ንጉሥ የሌላት ፈረንሳይ የምታከብረው የሕዝቡን በዓል ነበር። እንግሊዞች ፀሐይ ፍለጋ ወደ ጁን ያዛወሩት ልደት በቀበና ማዶ የሚውለው በሰኔ መሆኑ ያስቃል፤ በሎንዶን ሰማዩ ሲጠራ በየካ ላይ ክረምቱ ይገባልና።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሐረርጌ በኤጀርሳ ጐሮ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ተወለዱ። ዘውድ የጫኑበት ጥቅምት 23 እና ይህ የልደታቸው ቀን በዘመነ መንግሥታቸው የሕዝብ በዓል ሆነው ይከበሩ ነበር። በአንድ ነገር ከኤውሮፓ ነገሥታት ተለይተዋል፤ ሐምሌ 16 በክረምቱ ማዕከል ሲውል ቀኑን ወደ ብራ ወራት አላዛወሩትም። ከ1928 እስከ 1932 ዓ.ም. ድረስ ግን 5 ልደታቸው በስደት አለፈ። ከነዚህም የመጀመሪያው በዋለ በ6ኛው ቀን፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ።

በዚያ ዘመን በከተማው የሚከበረው የሌላ ንጉሥ ቤት ልደት ነበር። የካቲት 5 ቀን 1929 ዓ.ም. ለኢጣልያ አልጋ ወራሽ ለኡምቤርቶ በናፖሊ ከተማ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ተብሎ የናፖሊ ልዑል የሚል ማዕርግ ተሰጠው። አያቱ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ 3ኛ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ስም ከወሰዱ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። እንደራሴው ግራዚያኒ ልደቱ በአዲስ አበባም እንዲከበር አዘዘ፤ የኢትዮጵያ ነገሥታት በደስታ ቀን ለድኻ መመጽወታቸውን ሰምቶ ስለ ነበረም፥ ልማዱን ለራሱ ሊያደርገው ወደደ። የካቲት 12፥ በቅዱስ ሚካኤል ቀን፥ ድኾች ሁሉ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተሰብስበው ምጽዋት እንዲቀበሉ አዋጅ ተነገረ። ዕውሩ፥ አንካሳው፥ ልጅ ያዘለችው በሺህ እየሆኑ መጥተው ግቢውን ሞሉት። ከደረጃው ላይ ግራዚያኒና ሹማምንቱ፥ አቡነ ቄርሎስና መኳንንቱም ነበሩ።

ብሩ ሲታደል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ብዙ ቍስል አገኘው፤ የአይሮፕላን ጦር አዛዡ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ። ወዲያው ወታደሮቹ ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ድኻ ላይ ተኰሱበት፤ በሩ ተዘግቶ ነበርና የሚያመልጥበት አልነበረውም። ማታ የፋሺስት ማኅበር አለቃ ጒዶ ኮርቴሴ ለሰዎቹ የፈለጋቸውን እንዲያደርጉ ፈቀደላቸው። 3 ቀን ሙሉ ጥቍር ሸሚዝ የለበሱት በየሰፈሩ እየዞሩ ቤቱን ከነሰው አቃጠሉ፤ በአካፋና በብረት፥ በሽጕጥም ገደሉ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ላይም እሳት ለቀቁ። በምሥራቅ በኩል በየግቢያቸው የነበሩት የውጭ አገር መልእክተኞች ጭሱን አይተው ለመንግሥቶቻቸው ጻፉ። የሞተውን የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሎታል፤ ነገሩን ብዙ ዓመት የመረመረው የእንግሊዝ ታሪክ ጸሓፊ ኢያን ካምቤል በከተማው ብቻ ወደ 19,000 ያደርሰዋል። ቍጣውም በዚያ አልበረደም። ቦምብ ወርዋሪዎቹን ደብቃችኋል ተብለው የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት በግንቦት ወር ተረሸኑ፤ ግራዚያኒ ወደ ሮማ ባስተላለፈው ቴሌግራም የመነኰሳቱ ቍጥር 297 ነው፤ ከኋላ የመጡ መርማሪዎች ግን የሞቱት ሁሉ እስከ 2,000 ሊደርሱ እንደሚችሉ ጽፈዋል።

ሄሮድስ በልደቱ ያስገደለው አንድ ሰው ነበር።

ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ልደታቸውን በከተማቸው ማክበር ጀመሩ። የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ ያ ደረጃ ዛሬ የተማሪ መመላለሻ ነው። በመጀመሪያ የአይሮፕላን ማረፊያው ልደታ ነበር፤ የነገሥታት እንግዳ የልደት ስም ባለበት ሰፈር ይወርድ የነበረው በአጋጣሚ ነው። በኋላ በቦሌ በስማቸው የተጠራው ታላቅ ማረፊያ ተሠራ፤ ቀድሞ ገጠር የነበረው ቦሌም የከተማው ደጅ ሆነ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ከጥር 24 እስከ የካቲት 1 ቀን 1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጐበኙ፤ ንግሥት ዩልያና በ1961 ዓ.ም. መጡ። ከቦሌ ወደ ከተማው የሚያስገባው መንገድ ለእንደዚህ ያለው አቀባበል እየሰፋ፥ በሰንደቅ ዓላማም እየተጌጠ ሄደ።

በ1959 ዓ.ም. 75ኛው፥ በ1964 ዓ.ም. 80ኛው ልደት ሲከበር ለሁለቱም መታሰቢያ የፖስታ ቴምብር ታተመ። በ80ኛው ጊዜ ግን ከመድፉና ከግብዣው በላይ ሰው የሚጠብቀው አንድ ቃል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥቱን ለአልጋ ወራሹ የሚያስተላልፉበትን ነገር በዚያ ቀን ይናገሩ ይሆናል የሚል ተስፋ በመኳንንቱም በውጭ መልእክተኞችም ዘንድ ነበረ። ሐምሌ 16 መጣ፥ ሄደም፤ የሚጠበቀው አልተነገረም። በ6 ወር ውስጥ፥ በጥር 1965 ዓ.ም.፥ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ታመው አካላቸው ሰነፈ። ልጃቸው ዘርዐ ያዕቆብ ለወራሽነት የታጩት በሚያዝያ 1966 ዓ.ም.፥ አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ነው። የኦስትርያው ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍም በ1910 80ኛ ልደታቸውን በባድ ኢሽል ከቤተ ሰባቸው ጋራ ሲያከብሩ መንግሥታቸው የጸና ይመስል ነበር፤ እርሳቸው በ1916 ሞቱ፥ መንግሥቱም በ1918 ፈረሰ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን 2 ዓመት ከ2 ወር እንኳ አልቈየም።

በወሎ ረኃብ ገብቶ ነበር። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገሩ ታየ። በ82ኛው ልደት ዋዜማ፥ ሐምሌ 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዳልካቸው መኰንን ተሻሩ፤ በማግሥቱ የዋለው በዓል በታሰሩ ሹማምንት መካከል የዋለ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋራ እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ፤ የተራበው ሕፃንና የተዘረጋው ገበታ በአንድ መስኮት ታዩ። ፊልሙን ላነሣው ሰው ሐሳብ ሌላ፥ ላሳየው ሌላ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም ሥዕል እውነተኛ ነውና ማስተባበል አልተቻለም። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። 83ኛው ልደታቸው በእስር ላይ ሳሉ አለፈ፤ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐፅማቸውም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ሐምሌ 16 ከመንግሥት በዓል ከወጣ ቈይቷል፤ በሻሸመኔ የሚኖሩ የራስ ተፈሪያን ማኅበር ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ያከብሩታል።

የኤውሮፓ ነገሥታት አንዳንዶቹ ይህን የዕድሜ ነገር በሌላ መንገድ ያዙት። ንግሥት ቤያትሪክስ 75 ዓመት ሊሞላቸው 3 ቀን ሲቀር፥ በጃንዋሪ 28 ቀን 2013፥ ዙፋኑን ለልጃቸው እንደሚለቁ ተናገሩ። የዴንማርክ ንግሥት ማርግሬቴ 80ኛ ልደታቸው በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ያለ በዓል ቀረ፤ በ83 ዓመታቸው በጃንዋሪ 14 ቀን 2024 በፈቃዳቸው ወረዱ።

የኢጣልያ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ 3ኛ በ1946 ዙፋኑን ለቅቀው በስደት ሳሉ በ1947 በእስክንድርያ ሞቱ፤ በዚያው በ1946 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ መንግሥቱን አስቀረ። ለልደቱ በአዲስ አበባ ምጽዋት የተጠራለት ሕፃን ዕድሜውን አብዛኛውን ከአገሩ ውጭ ኖረ፤ ወደ ኢጣልያ እንዲገባ የተፈቀደለት በ2002 ነው። በስድስት ኪሎ ባለው ሐውልት ሥር የየካቲት 12 ሰማዕታት በየዓመቱ ሲታሰቡ እርሱ በሕይወት ነበረ። በጄኔቭ ከተማ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2024 ሞተ፤ 87 ዓመት ሊሞላው 9 ቀን ቀርቶት ነበር።