የክ/ከተማው እዝባር በዩኒክስ ሼል

የካዛንችስ ነዋሪ አድራሻውን ሲሞላ «ቂርቆስ ክ/ከተማ» ብሎ ይጽፋል። ጽ/ቤት፣ ት/ቤት፣ ወ/ሮ እያለ የሚቀጥለው የአማርኛ የቢሮ ጽሑፍ እዝባርን የሚያውቀው በምህጻረ ቃል ምልክትነቱ ነው። ለዩኒክስ ግን እዝባር ፎልደርን ከፎልደር የሚለይ ድንበር ነው።

ግጭቱን ለማየት ፎልደር ፈጣሪውን ትእዛዝ፣ ሜክዲርን፣ መሞከር ይበቃል። አድራሻው ያለ ትእምርተ ጥቅስ ከተሰጠው ሼሉ ክፍት ቦታው ላይ ቆርጦ ሁለት ስም ያደርገዋል። «ቂርቆስ» ይፈጠራል፤ ሁለተኛው «ክ» የሚባል ፎልደር ስለሌለ ይከሽፋል። ወላጅ ፎልደሮችንም የሚፈጥረው የ«ፒ» አማራጭ ከታከለበት ደግሞ ትእዛዙ ያለ አንዳች ቅሬታ «ክ»ን ፈጥሮ በውስጡ «ከተማ»ን ያኖራል። ይሄኛው ከክሽፈቱ ይብሳል፤ ማንም ልብ አይለውምና።

ትእምርተ ጥቅስስ? ክፍት ቦታውን ያድናል፣ እዝባሩን አያድንም። ጥቅስ የሚገባው ለሼሉ ሲሆን ክልከላው ግን የከርነሉ ነው። የሊኑክስ ከርነል ከፋይል ስም የሚያግደው እዝባርንና ዜሮ ባይትን ነው። «ክ.ከተማ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነጥቧ ስሙ መጀመሪያ ላይ ካልመጣች በቀር ፎልደሩ አይደበቅም።

ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ፊደላትን በባይት የሚወክለውን ዩቲኤፍ-8ን ሲነድፉ ከአስኪ ውጭ ባለ በማንኛውም ፊደል ባይቶች መካከል የእዝባር ባይት እንዳይገኝ አድርገዋል። «ካዛንችስ» 15 ባይት ቢይዝም መሐሉ ላይ የሚሰነጠቅበት ምክንያት የለም። ዕዳው በርዝመት ይመጣል፦ በኤክስት4 የፋይል ስርዓት የአንድ ስም ጣሪያ 255 ባይት ስለሆነ በግእዝ ፊደል ከ85 አይበልጥም። የአንዳንድ ደብዳቤ «ጉዳዩ» ብቻውን ይህን ያልፋል።

ተደጋጋሚ እዝባር ብዙም አያስቸግርም፤ ቂርቆስ//ካዛንችስ እና ቂርቆስ/./ካዛንችስ አንድ ቦታ ያደርሳሉ። የዩኒክስ መሰል ስርዓቶች መስፈርት የሆነው ፖዚክስ ለየስርዓቱ የተወው በመንገዱ መነሻ ላይ የሚመጡትን ልክ ሁለት እዝባሮች ነው፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

ሁለቱ ነጥቦች (..) የበለጠ ያደናግራሉ። «ሥራ» ውስጥ ያለው «ካዛንችስ» ወደ ማኅደር/ቂርቆስ/ካዛንችስ የሚያመለክት ተምሳሌታዊ ማያያዣ ነው እንበል። በዚያ ገብቶ በፎልደር መቀየሪያው ትእዛዝ ሲዲ .. ያለ ሰው ወደ «ሥራ» ይመለሳል፤ ሼሉ (ባሽ) የመጣበትን መንገድ ያስታውሳልና። እዚያው ሆኖ ኤልኤስ .. ካለ ግን የሚዘረዘርለት ማኅደር/ቂርቆስ ነው።

የሲዲ መፈለጊያ መንገዶች የሚዘረዘሩበት ተለዋዋጭ፣ ሲዲፓዝ፣ ደግሞ በላቲኑ ሁለት ነጥብ (:) ይከፋፈላል። በግእዝ ኪቦርድ የተጻፈው (፡) ለዓይን ያው ይመስላል፤ ሼሉ ግን ሁለቱን መንገዶች እንደ አንድ ረጅም ስም ይወስዳቸዋል።