የሐውልቱ ልጆች

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልት ስንቶቻችን በታክሲ ሽው ብለን እናልፈዋለን? ስለ ወታደሮቹ ትንሽም ቢሆን ሰምተናል። ስለ ልጆቻቸውስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1969 ዓ.ም. ማብቂያ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። የኩባ ወታደሮች ከእኛዎቹ ጎን ተሰለፉ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ተገኘ። ድሉ ግን ብዙ ልጆችን ያለ አባት አስቀረ።

ኩባ ታዲያ ወታደር ልካ ብቻ አልተወችም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጦርነቱ አባቶቻቸውን ያጡ ልጆችን ወስዳ የወጣቶች ደሴት በምትባለው ደሴቷ ላይ በነጻ አስተማረች። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን እርሻ። ከመካከላቸው ሐኪምም መሐንዲስም ወጣ።

ስጦታው ግን ዋጋ ነበረው። ልጆቹ ከእናታቸው ርቀው፣ በስፓኒሽ እያወሩ አደጉ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ገና እዚያው የነበሩት የላካቸውን መንግሥት አጡ፤ አንዳንዶቹም በዚያው ቀሩ።

ለሞተ ወታደር ሐውልት እናቆማለን። ለልጁ ደብተር የገዛው ግን የሰው አገር ነበር። ዛሬም አባቱን ጦር ሜዳ ያጣ ልጅ አለ። የእሱን ደብተር ማን ይግዛ?