መድኃኒት በትክክል ሲሰጥና ሲወሰድ፦ ከነርሶች ትምህርት እስከ ጣና ዳር ቤተሰብ

እ.ኤ.አ በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። በቀጣዩ ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲከፈት ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው እልቂት ነበር። ኮሌጁ በመጀመሪያ ካሠለጠናቸው ባለሙያዎች መካከል የማኅበረሰብ ነርሶች ይገኙበታል። በጣና ዙሪያ የነርስነት ትምህርትና የወባ መድኃኒት ከጅምሩ አብረው የመጡ ናቸው ማለት ይቻላል።

ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በባሕር ዳር ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የነርስነት ትምህርት ይሰጣል። አንድ የነርስ ተማሪ የታካሚ አልጋ አጠገብ ቆሞ መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት በቃሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ አምስት ነገሮች አሉ፤ ትክክለኛው ታካሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ እና ትክክለኛው ሰዓት። ከአምስቱ አንዱ ከተሳተ የቀሩት አራቱ ቢሟሉም መድኃኒቱ ላይፈውስ፣ አንዳንዴም ሊጎዳ ይችላል። እነዚህ ጥያቄዎች በሆስፒታል ግቢ ብቻ የሚቀሩ አይደሉም። አብዛኛው መድኃኒት የሚዋጠው በቤት ውስጥ ስለሆነ የነርሱን ሥራ የሚፈጽመው እናት፣ አባት ወይም ታላቅ ልጅ ነው።

የታካሚው ማንነት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአንድ የሕሙማን ክፍል ውስጥ በስም ብቻ ሳይሆን በአባት ስም ጭምር የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች ሊተኙ ይችላሉ። ስለዚህ ተማሪዎች የሚማሩት «አቶ እገሌ እርስዎ ነዎት?» ብሎ መጠየቅን አይደለም። ትኩሳት ያደከመው ወይም ጆሮው የከበደ ታካሚ ለተጠየቀው ሁሉ ራሱን ሊነቀንቅ ይችላልና። ትክክለኛው አጠያየቅ «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» የሚል ሲሆን፣ መልሱ ከነአያት ስሙ ከካርዱ ቁጥር ጋር ይመሳከራል። ነርሷ አንድን ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ስሙን ብትጠይቀው ረስታው አይደለም፤ አስታማሚዎችም ቅር ሊሰኙባት አይገባም።

መድኃኒቱን በሚመለከት ተማሪው የእሽጉን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ እንዲያነብ ይማራል፤ ከመደርደሪያ ሲያነሣ፣ ሲያዘጋጅ እና ለታካሚው ከመስጠቱ በፊት። ምክንያቱም ስማቸው የሚቀራረብ መድኃኒቶች ብዙ ናቸው። ክሎሮኪን የወባ መድኃኒት ነው፤ ክሎርፕሮማዚን ደግሞ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥ ነው። በከተማም በገጠርም የተለመደው «ያችን ቀይዋን ኪኒን ስጡኝ» ብሎ መጠየቅ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። አንድ ዓይነት መድኃኒት በተለያዩ ፋብሪካዎች የተለያየ ቀለም ይዞ ይመረታል፤ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው እንክብሎችም ፈጽሞ የማይገናኝ ሥራ ይኖራቸዋል። ባዶውን እሽግ ይዞ መሄድ ከቀለሙ ይልቅ አስተማማኝ ነው።

ትክክለኛው መድኃኒት የሚጀምረው ግን ከትክክለኛው ምርመራ ነው። ለዚህ ከጣና በስተምሥራቅ የምትገኘው ሊቦ ከምከም ወረዳ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ በ2005 በወረዳዋ ቀበሌዎች ትኩሳታቸው ለሳምንታት የማይበርድ፣ የከሱና ጣፊያቸው ያበጠ ሰዎች በረከቱ። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ታይቶ ነበር። ምርመራ ሲደረግ ግን በአካባቢው ከዚያ በፊት የማይታወቀው ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። በሽታው የሚተላለፈው በአሸዋ ዝንብ ነው፤ ወደ ሁመራና መተማ ቆላ ለሥራ ወርደው በተመለሱ ሰዎች ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታመናል። የወባ መድኃኒት ካላ አዛርን አይነካውም። በወቅቱ ያድን የነበረው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በታካሚው ክብደት ተሰልቶ ለ30 ቀናት በየዕለቱ በመርፌ ይሰጥ ነበር፤ ኋላ ላይ ከፓሮሞማይሲን ጋር ተጣምሮ ወደ 17 ቀናት አጥሯል። ሳይመረመሩ «ወባ ነው» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን መግዛት ትክክለኛውን ሕክምና ምን ያህል ሊያዘገይ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ወባ ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። በአገራችን ጎልተው የሚታዩት ሁለቱ ፋልሲፓረም እና ቫይቫክስ ሲሆኑ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ጎረቤት የዳነበት ኪኒን ለሌላው የማይሠራው አንድም ለዚህ ነው። ለፋልሲፓረም ክሎሮኪን ኃይሉን ሲያጣ እ.ኤ.አ በ1998 በፋንሲዳር ተተካ፤ ፋንሲዳርም ብዙ ሳይቆይ ስለተለመደ ከ2004 ጀምሮ ኮአርተም በሚል ስም የሚታወቀው ጥምር መድኃኒት ሥራ ላይ ዋለ። በጎረቤት ኤርትራ እንዲሁም በሩዋንዳና በኡጋንዳ የወባ ተሕዋስያን የኮአርተም ቤተሰብ የሆኑትን መድኃኒቶች በከፊል መቋቋም መጀመራቸው ተረጋግጧል። ሌላ የሚተካ መድኃኒት በየዓመቱ አይገኝም።

ኮአርተም በአንድ እንክብል ውስጥ ሁለት መድኃኒቶችን ይዟል። አርቴሜተር የተባለው ተሕዋስያኑን በፍጥነት ይገድላል፤ ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። ሉሜፋንትሪን ደግሞ ለቀናት በደም ውስጥ ቆይቶ የተረፉትን ይጠርጋል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ትኩሳቱ የበረደለት ገበሬ በማግስቱ የደረሰ ሰብል ይጠራዋል። የወባ ዋነኛ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ይህ ደግሞ ጤፉ የሚታጨድበት፣ በፎገራ ሜዳም ሩዙ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። የቀረው ኪኒን በሣጥን ይቀመጥና ሌላ ሰው ሲታመም ይወጣል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ታካሚ ሕክምናውን አልጨረሰም፤ ሁለተኛውም ግማሽ መድኃኒት ብቻ ያገኛል።

መጠኑ የሚወሰነው በዕድሜ ግምት ሳይሆን በክብደት ነው። ከ5 እስከ 15 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ 1 እንክብል፣ ከ15 እስከ 25 ኪሎ 2፣ ከ25 እስከ 35 ኪሎ 3፣ 35 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ 4 እንክብል ይሰጣል። ይህ በሦስት ቀናት ስድስት ጊዜ ይደገማል፤ ለአዋቂ በድምሩ 24 እንክብል ማለት ነው። ልጅን ሳይመዝኑ «ሦስት ዓመት ይሆነዋል» ብሎ መስጠት ከሳ ያለውን ልጅ ከመጠን በላይ፣ ጠንከር ያለውን ደግሞ ከመጠን በታች እንዲወስድ ያደርጋል። በጤና ኬላ ሚዛን ላይ መውጣት ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

ምግብም የመድኃኒቱ አካል ነው ቢባል አልተጋነነም። ሉሜፋንትሪን ወደ ደም በደንብ የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው፤ በባዶ ሆድ የተዋጠ ኮአርተም ብዙው ሳይሠራ ያልፋል። በፍስክ ወራት ወተት ወይም ቅቤ የነካው ወጥ ይበቃል። በጾም ወቅት ደግሞ በኑግ ዘይት የተሠራ ሽሮ፣ ተልባ ወይም አቮካዶ ያንኑ ቅባት ይሰጣል፤ እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ ታካሚ ግን የጠዋቱን መድኃኒት እንዳያዘገየው ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ቢነጋገር ይበጃል። በዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያስመለሰ ሰው ያን መጠን እንደገና መውሰድ አለበት፤ ደጋግሞ ካስመለሰው ወደ ጤና ተቋም ሊመለስ ይገባል።

ስለ ሰዓት ሲነገር በአገራችን የሚያጋጥም ወጥመድ አለ። በሆስፒታል የመድኃኒት መስጫ ቅጽ ላይ ሰዓት የሚጻፈው በአብዛኛው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በቅጹ ላይ 8፡00 ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ታካሚ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ ቢያነበው ስድስት ሰዓት ያዛባል። ስለዚህ ነርሱ ቁጥር ከመጻፍ በተጨማሪ «ፀሐይ ስትወጣ»፣ «ከብት ሲገባ» እያለ ቢያስረዳ፣ ታካሚውም መልሶ እንዲነግረው ቢጠይቅ ስሕተቱ ይቀራል። ኮአርተምን የጀመረው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ ሁለተኛው መጠን ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ከቀኑ 11 ሰዓት ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ጠዋትና ማታ 3 ሰዓት ላይ ይሆናል። «በቀን ሦስት ጊዜ» የተባለ ሌላ መድኃኒትም ቁርስን፣ ምሳንና እራትን ተከትሎ እንደተገኘ የሚዋጥ አይደለም፤ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት ቢሆን ልዩነቱ እኩል ይሆናል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ያሳስታል። በእሽግ ላይ የታተመው የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «06/2025» የሚል መድኃኒት በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም አብቅቷል። በ2018 ዓ.ም መደርደሪያ ላይ ያገኘው ሰው ግን ገና ሰባት ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል፤ ወሩንም የካቲት ብሎ ሊያነበው ይችላል። ከመድኃኒት ቤት ሲገዛ «በእኛ አቆጣጠር መቼ ያበቃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

የቫይቫክስ ወባ ሌላ ጠባይ አለው። ተሕዋስያኑ በጉበት ውስጥ ተደብቀው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሕመሙን ይቀሰቅሱታል። ክሎሮኪን በደም ውስጥ ያሉትን በሦስት ቀናት ሲያጠፋ፣ በጉበት የተደበቁትን የሚያወጣው ፕሪማኪን ነው፤ እርሱም የሚወሰደው ለ14 ቀናት ነው። ጤነኛ ሆኖ የሚሰማውን ሰው ለ11 ተጨማሪ ቀናት ኪኒን ዋጥ ማለት ከባድ መሆኑ ይገባል። ያቋረጠው ግን «ወባዬ ተመለሰብኝ» እያለ በየወቅቱ ይመጣል። ፕሪማኪን ለሁሉም አይሰጥም። ለነፍሰ ጡር፣ ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃንና እንዲህ ያለ ሕፃን ለምታጠባ እናት አይታዘዝም። ጂ6ፒዲ የተባለ የደም ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎችም ቀይ የደም ሕዋሶቻቸው ሊፈርሱ ይችላሉ። መድኃኒቱን ጀምሮ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው መውሰዱን አቁሞ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። እርግዝናን ለጤና ባለሙያ መደበቅ አደጋ የሚያስከትለው እዚህ ላይ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሲባል መድኃኒቱ በአፍ፣ በጡንቻ፣ በደም ሥር ወይም በፊንጢጣ መሰጠቱ ነው። «መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ ሆኖም መዋጥ ለሚችልና ለማያስመልሰው የወባ ታካሚ ኪኒኑ በቂ ነው። መርፌው የሚያስፈልገው ሕመሙ ሲከብድ፣ ታካሚው ራሱን ሲስት፣ ሲያንቀጠቅጠው ወይም ምንም አልረጋለት ሲል ነው። ያን ጊዜ የሚሰጠው አርቴሱኔት ዱቄት ሆኖ ይመጣና በሶዲየም ባይካርቦኔት ይሟሟል፤ በሳላይን ቀጥኖም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ሲገባ፣ ከ12 ሰዓት በኋላና ከ24 ሰዓት በኋላ ይደገማል። ተማሪው ብልቃጡን ጠዋት አዘጋጅቶ ለማታ ማስቀመጥ እንደማይችል ሊያውቅ ይገባል። እንደ ደቅ ካሉ ደሴቶች ወደ ሆስፒታል ለመድረስ በጀልባ ሰዓታት ይፈጃል። ለእንዲህ ያለው ሁኔታ ከስድስት ዓመት በታች ለሆነ በጠና ለታመመ ልጅ በፊንጢጣ የሚሰጥ አርቴሱኔት አለ። ይህ ግን መዳኛ ሳይሆን መንገድ ማሻገሪያ ነው፤ ልጁ ቢነቃም ጉዞው መቅረት የለበትም።

ክብደት መመዘን ሳያስፈልግ መጠን የሚለካበት መድኃኒትም አለ። በጣና ዳር ቀንድ አውጣ ባለበት ውኃ የሚዋኙ፣ የሚያጠምዱና ልብስ የሚያጥቡ ሰዎችን የሚይዘው ቢልሃርዝያ በፕራዚኳንቴል ይታከማል። በትምህርት ቤቶች በዘመቻ ሲሰጥ ልጆች ምልክት በተደረገበት ዘንግ አጠገብ ቆመው በቁመታቸው ይለካሉ፤ ቁመቱ ከ110 እስከ 125 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ተኩል፣ ከ138 እስከ 150 የሆነ ሁለት ተኩል እንክብል ይደርሰዋል። በዚያ ዕለት ልጆች ቁርስ በልተው ቢሄዱ ማቅለሽለሹና የሆድ ቁርጠቱ ይቀንስላቸዋል። እያለቀሰ ላለ ልጅ ኪኒን በግድ አይጎረስም፤ ሊያንቀው ይችላል።

በቤት ውስጥ ለሕፃናት የሚሰጥ ሽሮፕም መለኪያ ይፈልጋል። «አንድ የሻይ ማንኪያ» ሲባል 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ የየቤቱ ማንኪያ ግን ስፋቱ ይለያያል። ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣው ክዳን ወይም ስሪንጅ ካልተሰጠ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዱቄት ሆኖ የሚሸጥ አሞክሳሲሊን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ጠርሙሱ ላይ እስከተሠመረው ምልክት ድረስ ይሞላል፤ በየጊዜው ከመስጠት በፊትም ይናጣል። ካልተናጠ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጭኑን፣ የመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ ዝቃጩን ይሰጣሉ።